ላም አለኝ በሰማይ፦ ስለ አውሮፕላን ኪራይና ስለ ማዕቀብ ለጠየቃችሁኝ

ባለፈው ወር በዚህ ዓምድ «የምንሳፈርባቸው አውሮፕላኖች ግማሽ ያህሉ የኪራይ ናቸው» ብዬ በአንድ መስመር አልፌ ነበር። ያቺ መስመር ያመጣችው ደብዳቤ ከጠበቅኩት በላይ ሆነ። አምስቱን መርጬ እመልሳለሁ።

አዲስ ለምታነቡኝ፣ ሥራዬ የአውሮፕላን ሰነድ መመርመር ነው። ቦሌ፣ ከሀንጋር (ከአውሮፕላን መጠገኛ አዳራሽ) አጠገብ ባለ የቴክኒክ መዝገብ ክፍል ጀመርኩ። አሁን የምኖረው ደብሊን ነው። የኪራይ ዘመኑ ያለቀ አውሮፕላን ለባለቤቱ ሲመለስ፣ ወረቀቱና ብረቱ አንድ መሆናቸውን አይቼ የምፈርመው እኔ ነኝ። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ገርጂ ነው የምኖረው፣ ባንክ ውስጥ እሠራለሁ። አውሮፕላን ይከራያል ሲባል ግራ ገባኝ። እንደ ቤት ነው? ጭራው ላይ የአየር መንገዱ ስም ተጽፎ ባለቤቱ ሌላ ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ሊዝ ሲባል ለእኛ ሰው ቶሎ የሚመጣለት መሬት ነው። ለአውሮፕላን ግን ከመሬቱ ይልቅ የሚኒባሱ ነገር ይቀርበዋል። ሚኒባስ ያለው ሰው መኪናውን ለሾፌር ይሰጣል። ሾፌሩ ነዳጁን ይሞላል፣ ይሠራበታል፣ በቀን የተስማሙበትን ገቢ ያስገባል። ሊብሬው ላይ ያለው ስም ግን የባለንብረቱ ነው። አውሮፕላንም እንደዚያ ነው። አየር መንገዱ ቀለሙን ይቀባል፣ አብራሪውን ይመድባል፣ ያስጠግናል፣ በየወሩ ይከፍላል። ይሄ «ድራይ ሊዝ» ይባላል። ከነሾፌሩ፣ ከነረዳቱና ከነኢንሹራንሱ ሲሆን ደግሞ «ዌት ሊዝ» ነው።

ለምን ይከራያሉ ካልከኝ፣ አንድ አዲስ አውሮፕላን በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ይፈልጋል። ያንን ሁሉ ገንዘብ ብረት ላይ ከመቆለፍ ለስምንት ወይም ለአሥር ዓመት መከራየት ለብዙ አየር መንገድ ይሻላል። አንተ ባንክ ስለምትሠራ ይሄ አይጠፋህም። ንግዱን በትልቁ ካስጀመሩት አንዱ አየርላንዳዊው ቶኒ ራያን ነው። በ1975 አየርላንድ ውስጥ፣ ሻነን ላይ ጊነስ ፒት አቪዬሽን የሚባለውን ድርጅት አቋቋመ። በኋላ ራያንኤር የሚባለውን አየር መንገድ ከመሠረቱት አንዱም እሱ ነው። የዛሬው የዓለም ትልቁ አከራይ ኤርካፕም ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ደብሊን ነው።

ጭራው ላይ ስላለው ስም ጠይቀሃል። እኔ አውሮፕላን ውስጥ ስገባ መጀመሪያ የማየው ሌላ ነገር ነው። የአብራሪዎቹ ክፍል (ኮክፒቱ) በር አካባቢ የመዳፍ ስፋት የማይሞላ የብረት ሰሌዳ አለ። እሳት እንዳያጠፋው ተደርጎ የተሠራ ነው። ላዩ ላይ «ባለቤትና አከራይ እገሌ ነው» የሚል ተቀርጾበታል። በየሞተሩ ላይም እንዲሁ። ተሳፋሪ አያየውም። እኔ ግን በሄድኩበት ሁሉ ፎቶ አነሳዋለሁ፣ በጣቴም ዳሰስ አደርገዋለሁ። አውሮፕላኑ የማን እንደሆነ የሚናገረው እሱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ ለቀጣዮቹ ጥያቄዎች ስለሚያስፈልግ። የአውሮፕላን ዋጋ ግማሹ ወረቀቱ ላይ ነው። ሞተር ውስጥ ያሉ የሚሽከረከሩ ክፍሎች ስንት ጊዜ እንደተነሱና እንዳረፉ ከተሠሩበት ቀን ጀምሮ ይቆጠራል። መሀል ላይ አንድ ገጽ ከጠፋ ዕድሜው አይታወቅም። ዕድሜው ያልታወቀ ክፍል ደግሞ ደህና ቢሆንም ቆሻሻ ነው። አንድ ክረምት፣ አውሮፓ ውስጥ፣ ብርዱ ጫማ ዘልቆ በሚገባበት ሀንጋር፣ የማረፊያ እግር ላይ ላለች አንዲት ፒን «ፎርም ዋን» የሚባለውን የመልቀቂያ ወረቀት አጣሁ። ፒኗ አዲስ ናት፣ ታብረቀርቃለች። ወረቀቷ ግን የለም። አውሮፕላኑ አሥራ አንድ ቀን ቆመ። ኪራዩ እየቆጠረ፣ ተከራዩ እያለቀሰ። በመጨረሻ ወረቀቷ ሌላ አውሮፕላን ሣጥን ውስጥ ተገኘች። ለአንዲት ፒን እንዲህ ከሆነ፣ ለሁለት ለሦስት ዓመት ማን ምን እንደገጠመለት ያልታወቀ አውሮፕላን ምን እንደሚሆን አስበው።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ዱባይ ኤርፖርት ውስጥ ነው የምሠራው። የሩሲያ አየር መንገዶች እዚህ ይመላለሳሉ። የሥራ ጓደኞቼ «አገራቸው ያሉት ብዙዎቹ አውሮፕላኖች የሰው ንብረት ናቸው፣ አልመለሱም» ይላሉ። እውነት ነው? ባለቤቶቹስ ለምን ሄደው አይወስዱም?

መልስ፦ እውነት ነው። ይሄ ጉዳይ እኔንም በቅርብ ስለነካኝ ሰፋ አድርጌ ልንገርሽ።

ሩሲያ ዩክሬን ውስጥ የገባችው ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022 ነው። የአውሮፓ ኅብረት በማግሥቱ አውሮፕላንና መለዋወጫ ለሩሲያ ማቅረብንና ኢንሹራንስ መስጠትን ከለከለ። ኪራይም «ማቅረብ» ነው። ነባር ውል ያላቸው አከራዮች እስከ ማርች 28 ድረስ እንዲያቋርጡ ጊዜ ተሰጣቸው። አንድ ወር ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ሩሲያ ውስጥ ከውጭ አገር የተከራዩ ከ400 በላይ አውሮፕላኖች ነበሩ። ዋጋቸው ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር ይገመታል።

አሁን ነገሩን ልብ በይው። አከራዩ «ውሉ ተቋርጧል፣ አውሮፕላኔን አምጣ» ብሎ ደብዳቤ ይልካል። ግን ፌብሩዋሪ 27 ላይ አውሮፓ የአየር ክልሏን ለሩሲያ አውሮፕላን ዘግታለች። መልስ ይሉታል፣ መንገዱ ዝግ ነው። ለመመለስ ፈቃደኛ የሆነ አየር መንገድ ቢኖር እንኳ በየት አድርጎ ይምጣ? ማርች 10 ላይ ደግሞ ሩሲያ በበኩሏ አውሮፕላን ከአገር እንዳይወጣ ከለከለች። በሩ ከሁለቱም በኩል ተቆለፈ።

ቀጥሎ የመጣው ከሁሉ ይከፋል። አብዛኞቹ አውሮፕላኖች የተመዘገቡት አትላንቲክ ላይ ባለችው የእንግሊዝ ግዛት፣ ቤርሙዳ ነበር፣ የተወሰኑት አየርላንድ። አከራዮችና ባንኮች የሚያምኑት መዝገብ እሱ ስለሆነ ነው። ቤርሙዳ ማርች 12 ላይ «ደህንነታቸውን መቆጣጠር አልቻልኩም» ብላ የአየር ብቁነት ምስክር ወረቀታቸውን አገደች። ልክ ቦሎ እንደመቅደድ ነው። በዓለም ሕግ እነዚያ አውሮፕላኖች ከዚያች ሌሊት በኋላ መነሳት አልነበረባቸውም። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ማርች 14፣ ፑቲን አዲስ ሕግ ፈረሙ። አየር መንገዶቹ የተከራዩትን አውሮፕላን ሩሲያ ውስጥ መልሰው እንዲያስመዘግቡ የሚፈቅድ ነው። ባለቤቱ ሳይፈቅድ፣ የፊተኛው መዝገብ ሳይሰርዝ። አንድ አውሮፕላን ሁለት አገር ሊመዘገብ አይችልም፤ የ1944ቱ የቺካጎ የአቪዬሽን ስምምነት በግልጽ ይከለክለዋል።

እኔ በ2018 ለአንድ የሩሲያ አየር መንገድ ሲሰጥ ወረቀቱን የመረመርኩት ቦይንግ 737 ነበር። ሰሌዳውን ፎቶ አንስቼዋለሁ፣ አሁንም ስልኬ ውስጥ አለ። በዚያ ማርች ማታ ማታ የበረራ መከታተያውን እየከፈትኩ አየው ነበር። አንድ ቀን የቤርሙዳው ቁጥር ጠፋ። በቦታው በ«አርኤ» የሚጀምር የሩሲያ ቁጥር መጣ። አውሮፕላኑ ያው ነው፣ መስመሩም ያው። እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለእያንዳንዱ ክፍሉ ወረቀት ፈልጌለት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚገጠምለትን ማን ይጽፋል? ቦይንግና ኤርባስ መለዋወጫና የቴክኒክ ድጋፍ አቁመዋል። የጥገና መመሪያው አይታደስም። አገር ውስጥ ከአንዱ ፈትቶ ለሌላው መግጠም ተጀመረ። ባለቤቶቹ ነገ አውሮፕላናቸውን ቢያገኙ እንኳ የሚመለስላቸው የሰጡት አውሮፕላን አይደለም። አያቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያሉት ለእነሱ ይመስላል።

ሄደው ለምን አይወስዱም ላልሽው፣ ሞክረዋል። ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሩሲያ ውጭ ቆመው የተገኙትን ያዙ። ኤርካፕ ብቻ 22 አውሮፕላንና 3 ሞተር አስመልሷል። በዚያች ሳምንት ኢስታንቡል ያደረና ሞስኮ ያደረ አውሮፕላን ዕጣቸው ተለያየ።

የኮሎምቦው ነገር ደግሞ አለ። ጁን 2 ቀን 2022 የሩሲያው አየር መንገድ የኤሮፍሎት አንድ ኤርባስ 330 ተሳፋሪ ይዞ ከስሪላንካ ሊነሳ ሲል የፍርድ ቤት ትእዛዝ መጣ። አከራዩ ከሶ ነበር። ሞስኮ የስሪላንካን አምባሳደር ጠርታ ተቆጣች። ኤሮፍሎት ወደ ኮሎምቦ መብረር አቆመ። ስሪላንካ በዚያን ጊዜ ነዳጅ አጥታ፣ ሕዝቧ ሰልፍ ላይ አድሮ ነበር። ቱሪስቱም ነዳጁም ያስፈልጋታል። በቀናት ውስጥ ትእዛዙ ታገደ፣ አውሮፕላኑም ሄደ። እኔ ስሪላንካን አልወቅስም። ግን የኪራይ ውል ስትጽፊ ተከራዩን ብቻ ሳይሆን አውሮፕላኑ የሚያርፍበትን አገር ሁሉ ችግር አብረሽ እየጻፍሽ እንደሆነ አሳየኝ። ከዚያ ወዲህ የሩሲያ አየር መንገዶች ወደ ውጭ የሚልኩት በአብዛኛው ክርክር የሌለባቸውን ነው። አንቺ ዱባይ ላይ የምታያቸውም ከእነዚያ ወገን ናቸው ብዬ እገምታለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን አሉ? አዲስ አበባ ኢንሹራንስ ውስጥ፣ ካሳ ክፍል ነኝ። እንደዚህ ያለ ንብረት መቼም ያለ ኢንሹራንስ አይከራይም። ታዲያ ለአከራዮቹ ተከፈላቸው?

መልስ፦ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሙያሽ ስለሆነ በቀጥታ ወደ ነጥቡ ልግባ። ኢንሹራንስ ነበራቸው። ጭቅጭቁ «በየትኛው?» የሚለው ነበር።

አውሮፕላን ሁለት ዓይነት ሽፋን አለው። አንዱ «ኦል ሪስክስ» የሚባለው ለአደጋና ለመሳሰለው ነው፤ ጣሪያው ከፍ ያለ ነው። ሌላው «ዋር ሪስክስ» ነው፤ ጦርነት፣ የመንግሥት ወረሳና እገዳን ይሸፍናል፤ ጣሪያው ያንሳል። በተጨማሪም የጦርነቱን ሽፋን ኢንሹራንሱ በሰባት ቀን ማስጠንቀቂያ ሊሰርዘው ወይም ሊያጠበው ይችላል። እሳት ሲነሳ የሚጠፋ የእሳት ኢንሹራንስ በይው። ኤርካፕ 3.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ በ«ኦል ሪስክስ» ሽፋን ጠየቀ። ኢንሹራንሶቹ ሎይድስን፣ ኤአይጂን፣ ቸብንና ስዊስ ሪን ይጨምራሉ። እርስ በርሳቸውም «ያንተ ነው፣ ያንተ ነው» ተባባሉ። አንዳንዱ ደግሞ «አውሮፕላኖቹ እኮ አሉ፣ እየበረሩ ነው፣ ምን ጠፋ?» አለ።

ክርክሩ ለንደን ላይ በ2024 መጨረሻ ተጀመረ። ስድስት አከራዮች፣ 147 አውሮፕላንና 16 ሞተር፣ ከ4.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ። ዳኛ በቸር ፍርዱን የሰጡት ጁን 11 ቀን 2025 ነው። አውሮፕላኖቹ ጠፍተዋል አሉ። የጠፉበትንም ቀን ቆረጡ፦ ማርች 10 ቀን 2022፣ ሩሲያ ከአገር እንዳይወጡ የከለከለችበት ዕለት። ምክንያቱ የመንግሥት እገዳ ስለሆነም የሚከፍለው የጦርነቱ ሽፋን ነው አሉ። ኤርካፕ በዚህ መሠረት 1 ቢሊዮን ዶላርን ትንሽ ያለፈ ተፈረደለት።

አየሽ፣ የቀኑ መቆረጥ ነው ትልቁ ነገር። ጉዳቱ የደረሰው ሽፋኑ ከመሰረዙ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለው የሚሊዮኖች ልዩነት አለው። አንቺ ካሳ ክፍል ስለሆንሽ ይሄን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። የጦርነት ሽፋን ውል ሲመጣልሽ የማስጠንቀቂያውን አንቀጽ ሁለት ጊዜ አንብቢ።

ሌላው የገንዘብ መንገድ ከሩሲያ ጋር መስማማት ነበር። በሴፕቴምበር 2023 ኤርካፕ ኤሮፍሎት ዘንድ ላሉ 17 አውሮፕላኖችና 5 ሞተሮች 645 ሚሊዮን ዶላር ተቀበለ። የከፈለው የሩሲያ መንግሥት ኢንሹራንስ ነው፣ የአውሮፕላኖቹ ባለቤትነትም ወደ እሱ ዞረ። እዚህ ላይም ማዕቀቡ አለ። ገንዘቡን መቀበል ራሱ የምዕራብ መንግሥታትን ፈቃድ ይጠይቃል። የራስሽን ዕዳ ለመሰብሰብ ፈቃድ ማውጣት!

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጅ፣ ባሕር ዳር ሕግ ተማሪ ነኝ። ስለ ኬፕ ታውን ስምምነት ተምረናል። አከራይ አውሮፕላኑን በቀላሉ እንዲያስመልስ የወጣ ነው ተብለናል። ሩሲያም ፈርማለች። ታዲያ ስምምነቱ ምን ዋጋ አለው?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። የ2001 ስምምነት ነው። አውሮፕላንን የሚመለከተው ተጨማሪ ስምምነት (ፕሮቶኮሉ) በማርች 2006 ሥራ ላይ ሲውል መጀመሪያ ካጸደቁት ስምንት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ይሄ ብዙ አይነገርም፣ እኔ ግን ደብሊን ውስጥ ለሥራ ባልደረቦቼ ደጋግሜ ነው የምነግራቸው። ዓለም አቀፉ መዝገብም የሚገኘው እዚሁ ደብሊን ነው። ባለቤቱ፣ አበዳሪው፣ ተከራዩ ሁሉ በኢንተርኔት ይመዘግባል። ቀድሞ የተመዘገበ ይቀድማል።

የስምምነቱ ልብ አንዲት ወረቀት ናት። «ኢዴራ» ይሏታል። ተከራዩ ኪራይ ሲጀምር ለአከራዩ የሚሰጣት፣ ሊሻር የማይችል ውክልና ናት። ውክልና እኛ አገር የተለመደ ነው፤ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄደህ ትሰጣለህ፣ ስትፈልግ ትሽራለህ። ይቺ ግን አትሻርም። ተከራዩ ካልከፈለ አከራዩ ወረቀቷን ለሲቪል አቪዬሽን ያቀርባል። ባለሥልጣኑም አውሮፕላኑን ከመዝገብ ሰርዞ ከአገር እንዲወጣ ይፈቅዳል።

እንግዲህ «ይፈቅዳል» የሚለው ቃል ላይ ነው ነገሩ። የሚፈቅደው መንግሥት ነው። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም። የሩሲያ መንግሥት እንቢ ሲል ወረቀቷ ወረቀት ሆነች። ማዕቀብ በሌለበት እንኳ ሕንድ ውስጥ የሆነውን ተመልከት። ጎ ፈርስት የተባለው አየር መንገድ በሜይ 2023 ኪሳራ አወጀ። የኪሳራ ሕጉ ንብረቱን ሁሉ ስላገደ አከራዮች አንድ ዓመት ያህል አውሮፕላናቸውን ከሩቅ እያዩ ቆዩ። ዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት 54 አውሮፕላን እንዲሰረዝላቸው ያዘዘው በኤፕሪል 2024 ነው። ከዚያ በኋላ ሕንድ በ2025 ስምምነቱን የሚያስከብር የራሷን ሕግ አወጣች። ለምን? አከራዮች ዋጋ ጨምረውባት ነበር።

ስምምነቱ ዋጋ የለውም አልልም። ብዙ አገሮች ቃላቸውን ይጠብቃሉ፣ ቃል የሚጠብቅ አገርም በርካሽ ይከራያል። ለእኛ ደግሞ ነገሩ ሁለት ፊት አለው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ተከራይ ብቻ ሳይሆን አከራይም ነው። ቶጎ፣ ሎሜ ላይ ያለው አስካይ አየር መንገድ ከሚበርባቸው አውሮፕላኖች ውስጥ ከእሱ የተከራያቸው አሉ። ስለዚህ ይሄን ሕግ ስታጠና ከሁለቱም ወንበር ላይ ተቀመጥ። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ እየፈለግክ ከሆነ፣ መንግሥት ራሱ ውል አፍራሽ ሲሆን አከራይ ምን መንገድ አለው የሚለውን ያዝ። በአማርኛ በደንብ ቢጻፍ እኔ የመጀመሪያው አንባቢ ነኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ስሜ ይቆይ። የአውሮፕላን ቴክኒሻን ነኝ፣ ብዙ ጊዜ የሌሊት ተረኛ። አንዳንዴ የማላውቀው ቻርተር (በልዩ ውል የመጣ አውሮፕላን) ያርፋል። «ጎማ ቀይር፣ ዘይት ጨምር» እባላለሁ። ማዕቀብ የፖለቲከኞች ጉዳይ ነው እንጂ የእኔን መፍቻ ምን አገባው?

መልስ፦ ያገባዋል ወንድሜ። ከሁሉም ደብዳቤ ያሳሰበኝ ያንተ ነው።

ማርች 18 ቀን 2022 የአሜሪካ ንግድ ሚኒስቴር ወደ 100 የሚጠጉ አውሮፕላኖችን ዝርዝር አወጣ። ያለ ፈቃድ ወደ ሩሲያ የበረሩ ናቸው። አብዛኞቹ ቦይንግ ናቸው፤ የሩሲያዊው ባለሀብት የሮማን አብራሞቪች ገልፍስትሪም ጄትም አለበት። በኋላ ኤርባሶችም ተጨመሩ። ማስጠንቀቂያው ለአሜሪካዊ ብቻ አልነበረም። በየትኛውም አገር ያለ ማንም ሰው ለእነዚህ አውሮፕላኖች ነዳጅ ቢሞላ፣ ቢጠግን፣ መለዋወጫ ቢሰጥ ሕጉን ሊጥስ ይችላል ይላል። ነዳጅ ቀጂውም ቴክኒሻኑም አለበት ማለት ነው።

«ኤርባስ የአሜሪካ አይደለም» እንዳትል። ብዙዎቹ ኤርባሶች የሚበሩበት ሲኤፍኤም ሞተር ግማሹ የአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ ነው። እንደ ኢራን ላሉ አገሮች ከሆነ፣ ከዋጋው ከ10 በመቶ በላይ የአሜሪካ ዕቃ ያለበት አውሮፕላን በአሜሪካ ሕግ ሥር ይወድቃል። ለዚህ ነው ኢራን ኤር ከ2015ቱ የኒውክሌር ስምምነት በኋላ 100 ኤርባስ አዝዞ ሦስት ብቻ የተረከበው። በ2018 አሜሪካ ከስምምነቱ ስትወጣ ፈቃዱ ተሰረዘ።

ሁለት ታሪክ ልንገርህ። በዲሴምበር 2018 አንድ የኖርዌጂያን አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ ከዱባይ ወደ ኦስሎ ሲሄድ የሞተር ዘይት ችግር ገጠመውና ሺራዝ፣ ኢራን አረፈ። ምንም ያጠፋው ነገር የለም። ተሳፋሪው በሌላ አውሮፕላን ሄደ። አዲሱ ማክስ ግን መለዋወጫ ለማስገባት ማዕቀቡ ከለከለና ከሁለት ወር በላይ እዚያው ቆመ። የወጣው በፌብሩዋሪ 2019 ነው። ለአከራይ ይሄ ቅዠት ነው። ተከራይህ ታማኝ ነው፣ ኪራዩን ይከፍላል፣ አንድ የዘይት ብልሽት ግን ንብረትህን የማትነካው ቦታ ላይ ያስቀምጠዋል።

ሁለተኛው ለአንተ ይቀርባል። በጁን 2022 ኤምትራሱር የሚባል የቬንዙዌላ ድርጅት ቦይንግ 747 የመኪና ዕቃ ጭኖ አርጀንቲና ገባ። አውሮፕላኑን የገዛው ማዕቀብ ካለበት ከኢራኑ ማሃን ኤር ነበር። ኤሴሳ ኤርፖርት ላይ የነዳጅ ኩባንያዎች አንቀዳም አሉ። ማዕቀቡ እንዳይደርስባቸው ፈርተው ነው። ነዳጅ ፍለጋ ወደ ኡራጓይ ተነሳ፣ ኡራጓይ አላሳርፍም አለች፣ ተመልሶ ኤሴሳ አረፈ። ከዚያ አልተነሳም። በፌብሩዋሪ 2024 አሜሪካ ወሰደችው፣ ፍሎሪዳ ላይ ተቆራርጦ ተወገደ። ዛሬ ስለዚያ አውሮፕላን ሲወራ፣ ያኔ ቱቦውን አልሰካም ያሉት ሠራተኞች ናቸው እኔ ትዝ የሚሉኝ። ትክክል ነበሩ።

አሁን ወደ አንተ። ፊርማህ የአንተ ፈቃድ ናት፣ እንጀራህ ናት። ለማታውቀው አውሮፕላን ከመንካትህ በፊት ጭራው ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ አትይ። ቁጥር ይቀባል፣ ይቀየራል። ከፋብሪካ የወጣበትን መለያ ቁጥር አንብብ፣ በር አካባቢ የብረት ሰሌዳ ላይ አለ፤ እሱ አይቀየርም። የምዝገባና የአየር ብቁነት ምስክር ወረቀቱን ጠይቅ። ላያቸው ላይ ያለው መለያ ቁጥር ሰሌዳው ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን በዓይንህ ተመልከት፣ ፎቶ አንሳ። የድርጅትህ ሕግ ክፍል ማዕቀብ ያለባቸውን አውሮፕላኖች ዝርዝር እንዲሰጣችሁ በጽሑፍ ጠይቅ፤ በጽሑፍ ያልኩት መልሱ እጅህ ላይ እንዲቀር ነው። «ወረቀቱ ነገ ይመጣል» ካሉህ ሥራውም ነገ ይሁን። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ነገር ካልመሰለህ ደግሞ ብቻህን አትወስን። አለቃህን ደውለህ ቀስቅሰው። የተኛ አለቃ ቢቆጣህ ጠዋት ይረሳዋል።